አርባ መጽሐፍ ይዤ ቁሐር ሚካኤል

ፎገራ ልሄድ ነው ስላቸው ጎረቤቶቼ «አቦ አትፎግሪን» ብለው ሳቁብኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተቀምጦ ፎገራን በዓይኑ ያየ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ለእኛ ፎገራ ማለት ወይ ላም ነው ወይ ሩዝ። ሰው የሚኖርበት አገር መሆኑ ትዝ ያለው አልነበረም። ይኼን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሄደው እንደማያዩት አውቃለሁ፤ ሙቀታቸውን ትተው ጭቃ ፍለጋ የሚወጡ ሰዎች አይደሉም።

እኔም ብሆን ዝም ብዬ አልተነሣሁም። የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ልጆቻችን መጽሐፍ ቤታቸው ወስደው፣ አንብበው መመለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት አንድ ስልጠና ላይ ጥሩዓለም ከምትባል የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ጋር አንድ የመኝታ ክፍል ደረሰን። አንበሳሜ ተወልዳ ያደገች፣ ፎገራ ውስጥ ቁሐር ሚካኤል የምታስተምር፣ ቀጭን፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። «ተማሪዎቼ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ ነክተው አያውቁም፤ ያሉትም ጥቂቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትደውላለች። በመጨረሻ የእኔ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው አርባ የተረት መጽሐፍ አዋጡ፣ እኔ ፈቃድ ሞላሁ፣ ጥቅምት ላይ ጉዞ ሆነ።

ማክሰኞ

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ነው። ጣጣው የጀመረው ገና ሚዛኑ ላይ ነው። አርባው መጽሐፍ፣ የግድግዳ ሥዕሎቹና ለጥሩዓለም የያዝኩት ሐልዋ ከሻንጣዬ ጋር ተደምረው ከተፈቀደው በለጡ። የሚመዝነው ልጅ «ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ።

«ተረት።»

«ተረት እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አለና ቀንሺ አለኝ። ከመጽሐፉማ አልቀንስም፣ ከሐልዋውም አልቀንስም። እዚያው ሻንጣዬን ዘርግፌ በለበስኩት ላይ ሁለት ቀሚስ ደረብኩ፣ ሹራብ ጨመርኩ፣ በላዩ ጃኬት። በዚያ በድሬ ሙቀት እንደ ጥቅል ጎመን ተጠቅልዬ ተሳፈርኩ።

ባሕር ዳር ስደርስ ማውለቂያ ጊዜ አጣሁ። የወረታ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ደረስኩ፤ ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ወርውሮ እኔንም ገፍቶ አስገባኝ። አጠገቤ ዶሮ ያቀፉ ባልቴት ነበሩ። ሆዴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ወዲያው ተነሥተው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። «ነፋስ ይምታሽ ልጄ፤ ስንተኛ ወርሽ ነው?» አሉኝ። እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ቀሚስ ነው ብዬ እንዳልናገር መቀመጫውን ወድጄዋለሁ። ብርቱካን ልጠው አበሉኝ፣ ሐሙሲት ሲወርዱም እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ከሐሙሲት በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። እኛ አገር ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። እዚህ ደግሞ ሜዳ የሚሉት ውሃ ነው። ሩዙ ከውሃው ውስጥ ቆሟል፣ ላሙ እስከ ሆዱ ገብቶ ይግጣል፣ ወፉ ደግሞ አይጠየቅ። አፌን ከፍቼ ሳይ ወረታ ደረስን።

ወረታ ጓሮው ሁሉ የሩዝ ገለባ የተቆለለበት ከተማ ነው። መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት አጎበሩን እንዴት እንደምዘረጋ ልታሳየኝ ስትል ይኼንስ ድሬ አስተምራኛለች ብዬ አሳቅኋት። ለእራት የጣና ዓሣ ጥብስ ቀረበልኝ፤ እንጀራው ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው። «ጤፍ የለበትም?» ብዬ አስተናጋጇን ጠየቅኋት። «ሩዝ ነው። ጤፍ ግን በሩቁ ያውቀዋል» አለችኝ። ሦስት እንጀራ በላሁ፣ ሁለቱን ቀሚሶች አወለቅኩ፣ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ጥሩዓለም በባጃጅ መጣች። እስከ ተወሰነ ቦታ ባጃጁ ወሰደን፣ ከዚያ ጋሪ ያዝን፣ ከዚያ ጋሪው ራሱ ሰጠመ። የፎገራን ጥቁር አፈር ዋልካ ይሉታል። ውሃ ከጠጣ የያዘውን አይለቅም። ልግፋ ብዬ ወረድኩ፤ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ሁለተኛውን ስራመድ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ፈለግኩት። የለም። ጥሩዓለም በሳቅ ጋሪው ላይ ተዘርግታ «ተይው እትየ ሮማን፣ አፈሩ ግብሩን ወስዷል» አለችኝ።

ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ ሁለት ሰዎች መጡልን። አንደኛው ካርቶኑን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ከጀመረ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩዓለም መጽሐፍ ነው ስትለው ቆመ። ከትከሻው አወረደው፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ እንደ ሕፃን ይዞት ሄደ። እኛ አገር ተሸካሚ ቢሆን ኖሮ ክብደቱን አይቶ ጭማሪ ይጠይቅ ነበር ብዬ በልቤ አደነቅሁ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ፈንታሁን ትሑት፣ ጥንቁቅ፣ ቁልፋቸውን ቀበቷቸው ላይ ያሰሩ ሰው ናቸው። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ ገልጠው አዩ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ ቁም ሣጥኑ ሊወስዷቸው ተነሡ።

«እንዴ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አልኳቸው።

እኛ ድሬዎች ታናሽም ታላቅም አንተ ነው፤ አፋችን ለምዶታል። ጥሩዓለም እግሬን ረገጠችኝ። «ምን ሊያደርጉ ነው ጋሼ» ብዬ አስተካከልኩ፤ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው አለፉት። ከዚያ ሐሳባቸውን ነገሩን። ንብረት ጎደለ ተብሎ የተጠየቀ ባልደረባ አላቸው፤ ያ ሰው ያየውን ፍዳ አይተዋል። ልጅ መጽሐፍ ይዞ ወደዚህ ሁሉ ውሃና ጭቃ ይሄዳል ማለት ለእሳቸው መጽሐፉን ጣና ውስጥ መጣል ነው። ጥሩዓለም ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለምናቸው ኖራለች። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ደረስን። ዓርብ አርባው የአራተኛ ክፍል ልጆች አንድ አንድ መጽሐፍ ይወስዳሉ፤ ሰኞ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይበላሽ ከተመለሰ ማዋሱ ይቀጥላል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ወይ ከተበላሸ ሁሉም ቁም ሣጥን ይገባል፣ ነገሩም ያበቃል።

ስንወጣ የጥሩዓለም እጅ አረፈ። «ይኼ ካልሆነ የዝውውር ቅጽ እሞላለሁ። በልጆቹ ፊት ሌላ ዓመት ቁልፍ ሳይ መኖር አልችልም» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ያደርኩት መሪጌታ ልሳኑ ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው የጥሩዓለም ተማሪ ነው። ባለቤታቸው እትየ የሻረግ አንድ ጫማ አድርጌ፣ አንድ እግሬን በጭቃ ተለብጬ ስገባ ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። ውሃ አሙቀው፣ ተንበርክከው እግሬን አጠቡኝ። እናቴ ካጠበችኝ ወዲህ እግሬን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ ሰጡኝ። ለእራት ሽሮ ነበር፤ ረቡዕ ነው፣ በዚያ ላይ መሪጌታ የጽጌን ጾም ይዘዋል። በጎረስኩ ቁጥር እትየ የሻረግ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ይጨምሩልኛል። ድሬ ሰው በቃኝ ካለ በቃው ነው። እዚህ በቃኝ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ካርድ ስንጽፍ ዋልን። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ስም። ልጆቹ በመስኮቱ ተደራርበው ያያሉ። አንዷ አዛኑ የምትባል፣ ጸጉሯን ዙሪያውን ተላጭታ መሐሉን ያስቀረች ልጅ፣ ከተማ ልግባ ብላ ስለተነሣች አህያ የሚያወራውን መጽሐፍ ሽፋኑን አይታ አህያዋ ለምን ባርኔጣ እንዳደረገች ጠየቀችኝ። አንብቢና ንገሪኝ አልኳት። «እሽ» አለች፣ መስኮቱን ግን እስከ ማታ አልለቀቀችም።

ዓርብ

ወርኀዊው ሚካኤል ስለሆነ ገበሬው ሥራ ፈትቶ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ነጭ ለብሰው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጥሩዓለም ንግግሩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ መድረክ ካገኘሁ ሌላ ሰው ነኝ። መጽሐፎቹ ከድሬዳዋ ልጆች እንደተላኩ፣ ስንት አገር አቋርጠው እንደመጡ፣ አንዱ ቢጠፋ ወይ ቢበላሽ ምን እንደሚከተል ተናገርኩ። ከዚያ ሞቅ ሲለኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አደራ! የሰማይ አደራ፣ የምድር አደራ። በሚካኤል፣ አደራችሁን!» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ቀጥ አለ። ሽማግሌዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዲት እናት ነጠላዋን አስተካከለች። እንዲህ ሰምቶኝ የሚያውቅ ሕዝብ የለም፤ ድሬ ስናገር ግማሹ ጫት ሊገዛ ይነሣ ነበር። ልጆቹ እየተጠሩ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እኔ በራሴ ንግግር ተደስቼ ከመሬት ከፍ ብዬ ሄድኩ።

ማታ መሪጌታ ቤት ስገባ የልጅ ልጃቸው መጽሐፍ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ፣ ከዳዊታቸው ማኅደር ጎን ተሰቅሏል። ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል ብዬ ኮራሁ።

ቅዳሜ

ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ጥሩዓለም ጥፍሯን ስትበላ ዋለች። ሲያባራ ሜዳውን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ሩዙ እሸት ይዟል፤ በየማሳው ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ አለ፣ ልጆች እላዩ ላይ ሆነው በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠብቃሉ። አንዱ ማማ ላይ ሲጮኽ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ይንጫጫል። እኔም አንዱ ላይ ወጥቼ ጮህኩ። ወፎቹ አልተነሡም፤ ጥሩዓለም «አነጋገርሽ አልገባቸውም» አለችኝ። ስወርድ መወጣጫው ተንሸራቶኝ እትየ የሻረግ ያጠቡት እግሬ እንደገና ጭቃ ገባ።

ከአንድ ማማ ሥር ብዙ ልጆች ተኮልኩለው ከሩቅ አየሁ። ጨዋታ ላይ ናቸው ብዬ አለፍኩ።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ያልሳመኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው። «አደራዎ በደህና ተቀምጧል፣ አይዞዎት።» «ያደራዎን ነገር አያስቡ።» አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ እጄን ይዘው «ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቸ አይቸዋለሁ፤ ካለበት አለ» አሉኝ። እንደ ሙሽራ ሳቅ እያልኩ አመሰገንኩ። አገር ሁሉ ልጁን ሲያስነብብ ያደረ መስሎኛል። ማታ እትየ የሻረግ የጎረቤት ወተት አምጥተው አጠጡኝና ለጎረቤቶቼ የምነግረውን አሰብኩ። እናንተ የፎገራ ላም ስትሉ ወተቱን ቀምሳችሁ አታውቁም እላቸዋለሁ።

ሰኞ

ከደወሉ በፊት ግቢው ሞላ። ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አባቶችና እናቶች አብረው መጥተዋል፣ ልጁን ስላላመኑት። መጽሐፍ በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። መጽሐፍ በቆርቆሮ ሣጥን ተቆልፎ ከነቁልፉ መጣ። አንዷ እናት ከሦስት ፌስታል ውስጥ ስታወጣ ስታወጣ አለቀ ብለን ስንጠብቅ በመጨረሻ ወጣ፤ ሳመችውና ሰጠች። አቶ ፈንታሁን እየገለጡ ያያሉ። ጭረት የለም፣ ጠብታ የለም፣ የተጣጠፈ ጥግ የለም። ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ጥሩዓለም ጆሮዬ ውስጥ «ሆነ፣ እትየ ሮማን፣ ሆነ» እያለች ክንዴን ትቆነጥጠኛለች። እኔ መዝለል ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጥሩዓለም ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ወደ አንዱ ልጅ ዞር አለችና «እስቲ መጽሐፍህ ላይ ያለችው ጥንቸል ምን አደረገች?» አለችው።

ልጁ አባቱን አየ። «አልነካሁትም መምህርት። አደራ ነው ብሎ አባየ ሰቀለው።»

ሌላዋን ጠየቀች። የእሷ ሣጥን ውስጥ ነበር። የሌላው በአባቱ ትራስ ሥር። የሌላው በማድጋ ውስጥ ተከድኖ፣ ማድጋው በጭቃ ተለስኖ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለ አንድ አባት በኩራት። አንድ ገጽ የተነበበለት መጽሐፍ አልነበረም።

ጥሩዓለም ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ ገባኝ። እዚህ አገር አደራ የተባለ ነገር ይጠበቃል እንጂ አይነካም። አደራ ያስቀመጡትን ማር የቀመሰ ሰው አደራ በላ ነው፣ ዘሩ ይነቀፋል። እኔ ደግሞ ሰማይና ምድርን ጠርቼ፣ በሚካኤል ገዝቼ፣ ልጆቹ እንዳያነቡ አርባ ቤት ሄጄ ዘበኛ ያቆምኩ ያህል ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው። መሬት ብትሰነጠቅ ዘልዬ እገባ ነበር፤ ያንን ዋልካ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፣ አይለቀኝም።

አቶ ፈንታሁን ግን ቆጥረው ጨረሱ። «ሠላሳ ዘጠኝ» አሉ። «አንድ ጎደለ። የማን ነው?»

የአዛኑ ነበር። ሁላችንም ወደ በሩ አየን። ቆይታ ከአባቷ ጋር መጣች፤ አባቷ አያ ደሳለው ይባላሉ፣ ከማሳ ሳይታጠቡ የመጡ ሰው ናቸው። እሷ ከቀሚሷ ሥር መጽሐፉን አወጣች። ጭቃ ደርቆበታል፣ አብጧል፣ ገጾቹ እንደ ጎመን ቅጠል ተሸብሽበዋል፣ የመጨረሻው ገጽ ተገንጥሎ ጠፍቷል። አዛኑ አላለቀሰችም፤ የቀሚሷን ጫፍ ግን ጠቅልላ ይዛለች።

አቶ ፈንታሁን መጽሐፉን ገለበጡት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ተስማምተን ነበር» አሉ ለጥሩዓለም። በክፋት አልነበረም፤ አዝነው ነው ያሉት። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈቱ። የጥሩዓለም እጅ እንደገና አረፈ፤ የዝውውሩ ቅጽ ነው የታየኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አያ ደሳለው። «እሷን አትዩዋት። ዓርብ ወፍ ስጠብቅ ዋልሁ እንጅ አልመጣሁም፤ ወፍ በዓል አያከብርም። ቅዳሜ ማሳ ሂጀ ባይ ይች ልጅ ማማው ላይ ሁና ታነባለች። የጎረቤት ልጅ ሁሉ የየራሱን ማማ ትቶ ከሥር ተኮልኩሏል። ወፉን ማን ይከልክለው? ሩዜን ጠራርጎ በልቷል። ተናድጀ ከጇ ስቀማት አምልጦኝ ውሃ ገባ።»

«አደራውን እያወቅህ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«የምን አደራ? ተውሸ ነው ያመጣሁት አለችኝ።» ዞር ብለው ያን ሁሉ ንጹሕ መጽሐፍ አዩ፣ ከዚያ ሰዎቹን አዩ። «እናንተ አልገለጣችሁትም እንዴ? ምነው፣ በሬ ተውሶ በረት አስሮ፣ አክብሮ፣ ሳያርስበት የሚመልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለበሬው ራሱ ምን ይላችኋል?»

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ልሳኑ ናቸው። ሳቃቸው ከሆድ ነው፣ ጥምጣማቸው ተናጋ። «እኔስ ከዳዊቴ ጎን ሰቀልሁት። ዳዊቴን እንኳ በየቀኑ አወርደዋለሁ፤ ይኸን ግን አርባ መዝሙር ስደግም ቁሞ አየኝ» አሉ። ከዚያ ሳቁ ግቢውን ዞረ፤ ማድጋ የለሰነው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

እኔ ተነሣሁ። ለመሪጌታ «ተሳስቻለሁ። ምን ይሻላል?» አልኳቸው፤ በዚህ ጊዜ እንኳ አንተ ብያቸው ይሁን አንቱ አላስታውስም።

«አደራ የሰጠ ሰው አደራውን ካልተቀበለ ሸክሙ አይወርድም። ተቀበይና ልቀቂን» አሉኝ።

እያንዳንዱን መጽሐፍ ለየእናቱና ለየአባቱ መልሼ ከእጃቸው ተቀበልኩ። «አደራዬን ተቀብያለሁ፣ ነፃ ናችሁ» አልኩ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ፤ በመጨረሻ ድምፄ ጠፋ። ከዚያ ይኼ ከአሁን በኋላ ውሰት ነው፣ የተዋሰ ይሥራበት አልኩ። ነገር ግን ቁልፉ አሁንም በአቶ ፈንታሁን እጅ ነበር፣ ረቡዕ የተስማማነው ቃልም አልተለወጠም። አንዱ ተበላሽቷል።

እኛ እሳቸውን ስንጠብቅ የማማው ሥር ልጆች ጥል ጀመሩ። የመጨረሻው ገጽ ስለጠፋ አንዱ አህያዋ ከተማ ገብታ ፎቅ ላይ ትኖራለች ይላል፤ ሌላው የለም፣ መንገድ ላይ ባርኔጣዋን ነፋስ ወስዶባት ተመልሳለች ይላል፤ አዛኑ ደግሞ የቀሚሷን ጫፍ ለቃ ሁለታችሁም አልሰማችሁም፣ እኔ ነኝ ያነበብሁት ብላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጮኻለች። አቶ ፈንታሁን ቁልፉን ይዘው ሰሟቸው። ብዙ ሰሟቸው።

«ባርኔጣውን መጀመሪያ ለምን አደረገች?» አሉ።

ሦስቱም ባንድ ላይ መለሱ፤ አንዱም አልተሰማም።

ቁም ሣጥኑን ከፈቱት። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። መልሼ ሳይ ለካ ውስጥ ያሉትን የቆዩ መጽሐፎች እያወጡ ከእኛዎቹ አጠገብ ይደረድሩ ነበር። ጨርሰው ጥሩዓለም ፊት ቆሙና ባዶ ካርድ ጠየቋት።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለእኔ ነው። እኔም ሦስተኛ ክፍል ልጅ አለችኝ» አሉ። ከሠላሳ ዘጠኙ ንጹሕ አንዱን አልመረጡም። ጭቃ የደረቀበትን አነሡና ብብታቸው ሥር አደረጉት።

ጥሩዓለም ስማቸውን ጻፈች። ካርዱን ስትሰጣቸው ድምፅዋ የአስተማሪ ነበር።

«እስከ ሰኞ ነው» አለቻቸው። «ሳያነቡ ግን እንዳይመልሱ።»